«ክሊን» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ክሊን» የተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል በተራው ንግግር «ንጹህ» ማለት ነው። በኤል.ሲ. በሚካሄድ ንግድ ግን ትርጉሙ ጠበብ ይላል። ቢል ኦፍ ሎዲንግ የተባለው የመርከብ ጭነት ሰነድ «ክሊን» የሚሆነው፣ የዕቃውን ወይም የማሸጊያውን ጉድለት በግልጽ የሚናገር ማስታወሻ ካልሰፈረበት ነው። «ጆንያዎቹ ተቀደዋል» የሚል አንድ መስመር ከሰፈረ ባንኩ ሰነዱን ሊመልሰው፣ ላኪውም ክፍያው ሊታገድበት ይችላል።

እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2007 ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ደንብ፣ ዩ.ሲ.ፒ. 600፣ በአንቀጽ 27 እንደሚለው፣ ኤል.ሲ.ው «ክሊን» ብሎ ቢጠይቅም ቃሉ ራሱ በሰነዱ ላይ መጻፍ የለበትም፤ ማስታወሻ አለመኖሩ ይበቃል።

አስመጪዎችም ልብ ይበሉ። «ክሊን» የሚመሰክረው ከውጭ ለሚታየው ሁኔታ እንጂ በጆንያው ውስጥ ላለው ዕቃ ጥራት አይደለም። ለጥራቱ የምርመራ ምስክር ወረቀት በኤል.ሲ.ው ላይ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።