ያውቁ ኖሯል?

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርዱ የሚገኘው ሰባራ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ? ጎጃምን ከቤጌምድር ያገናኝ ነበር። ስሙ የወጣለት ግን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው፤ የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት አርበኞች መካከሉን ሰበሩት። ከዚያ ወዲህ ገበያተኛው በወገቡ ገመድ ታስሮ፣ በግራና በቀኝ የቆሙ ጎልማሶች እየሳቡት ከታች ዓባይ እየጮኸ ይሻገር ነበር። ለመንገደኛው ቀርቶ ለተመልካቹ እንኳ የሚያስፈራ ነገር ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. ክፍተቱ ተደፍኖ ነበር፤ በ2005 ጎርፍ አፈረሰው። በ2009 ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

በዚያው በጎጃም ያለችው ቢቸናም የአርበኛው የበላይ ዘለቀ አገር ናት፤ በአቅራቢያዋ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ ደግሞ በቅኔ ትምህርቱ የታወቀ ገዳም ነው።

ወደ መጠጥ ስንመጣ ደግሞ የአገራችን ጠጅ ከማር፣ ከውኃና ከጌሾ ይጣላል። ምሬቱን የሚሰጠው ጌሾው ነው። ድሮ ጠጅ በአብዛኛው የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ግብር መጠጥ ነበር፤ ባላገሩ የሚጠጣው ጠላ ነበር።