የመዝናኛ ጀልባ መድን ሲመረጥ ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን ነው?

በጣና ሐይቅ ላይ ጠዋት በጸጥታ የተጀመረ የጀልባ ጉዞ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ መልኩን ይለውጣል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘውና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ይህ ሐይቅ ከጥንት ጀምሮ የደንገል ታንኳ ሲቀዘፍበት የኖረ ነው። ዛሬ ደግሞ ባለሞተር ጀልባዎች ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማት ይመላለሱበታል። በሐዋሳ፣ በዝዋይና በቢሾፍቱ ሐይቆችም ለመዝናኛ የሚውሉ አነስተኛ ጀልባዎች የተለመዱ ናቸው። በገበታ ለሀገር መርሐ ግብር ከለሙት የቱሪዝም መዳረሻዎች መካከል ጎርጎራና ወንጪ በሐይቅ ዳርቻ የሚገኙ መሆናቸው ደግሞ የጀልባ ሽርሽር ፍላጎት ሊጨምር እንደሚችል ያመለክታል።

የጀልባ ባለቤት የሆነ ግለሰብ፣ የሠራተኞች ማኅበር ወይም መሥሪያ ቤት ወደ መድን ኩባንያ ሲሄድ ቀድሞ ወደ አእምሮው የሚመጣው ጥያቄ ጀልባው ቢሰበር ወይም ሞተሩ ቢሰረቅ ስንት ብር ይከፈለኛል የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በሁለተኛ ደረጃ ሊነሣ የሚገባው ነው። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት በጀልባው ምክንያት ሌላ ሰው ቢጎዳ ካሳውን ማን ይከፍላል የሚለው ነው። የጀልባው ዋጋ የታወቀ ወሰን አለው፤ ባለቤቱም ከዚያ የበለጠ አያጣም። በሰው ሕይወትና አካል ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚጠየቀው ካሳ ግን ከጀልባው ዋጋ አልፎ የባለቤቱን ቤትና ጥሪት ሊነካ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የተሽከርካሪ ባለንብረቶች የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገቡ በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ግዴታ ከተጣለባቸው ጊዜ ጀምሮ፣ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ይህን ዓይነቱን ሽፋን ያውቀዋል። ይህ የግዴታ መድን ግን በመንገድ ላይ የሚንቀሳቀሱ ተሽከርካሪዎችን የሚመለከት በመሆኑ የሐይቅ ጀልባን አይሸፍንም። በሌላ በኩል በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማሽንና የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ የሚሆንበትን ሁኔታ ይደነግጋል። የጀልባ ባለቤትም «እኔ ጥፋት የለብኝም» በሚል ብቻ ሊተማመን አይገባውም።

ስለዚህ የኃላፊነት ሽፋን ሲጠየቅ ሦስት ወገኖችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ከጀልባው ውጭ ያሉ ሰዎችና ንብረቶች ናቸው፤ ዋናተኛ፣ በታንኳ የሚያጠምድ ዓሣ አስጋሪ፣ የሌላ ሰው ጀልባ ወይም የወደብ መድረክ ሊሆን ይችላል። ሁለተኞቹ ተሳፋሪዎች ሲሆኑ፣ የመድን ውሎች እነርሱን ከሦስተኛ ወገን ለይተው ሊያዩ ስለሚችሉ በውሉ ውስጥ በግልጽ መጠቀሳቸውን ማረጋገጥ ይገባል። ሦስተኛው ነጂውና ረዳቱ ናቸው። በሥራ ጉዞ ላይ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ በጡረታ ሕጉ መሠረት በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚያገኘው መብት አለ፤ በዚያው ጀልባ የተሳፈረ እንግዳ ግን ይህ መብት የለውም።

ከዚህ በኋላ ወደ ጀልባው እንመለስ። መድን የማበልጸጊያ ሳይሆን የመካሻ ውል ስለሆነ፣ የሚከፈለው ካሳ ንብረቱ አደጋ በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ እንዳይበልጥ የንግድ ሕጉ ይገድባል። ከፍ ያለ ዋጋ አስመዝግቦ ተጨማሪ አረቦን መክፈል ትርፉ ድካም ነው። ዋጋን አሳንሶ ማስመዝገብ ግን ከዚያ የከፋ ጉዳት ያመጣል፤ በአሁኑ ወቅት ሰፊ ሆኖ የሚታየውም ስጋት ይኸው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲሻሻል፣ ቀደም ሲል 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የጀልባ ሞተርና መለዋወጫው ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ከዚያ በፊት በተመዘገበ ዋጋ ውሉን በየዓመቱ እንዳለ የሚያድስ ባለንብረት በሙሉ ዋጋ የተሸፈነ መስሎት ግማሹን ብቻ ሊያገኝ ይችላል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ዛሬ 1,200,000 ብር የሚያወጣ ጀልባ በ600,000 ብር መድን ተገብቶለት ነበር እንበል። በአደጋ ምክንያት የ300,000 ብር ጥገና ቢያስፈልገው፣ ባለቤቱ ጥገናው ከተመዘገበው 600,000 ብር በታች ስለሆነ ሙሉውን ይከፈለኛል ብሎ ይጠብቃል። ኩባንያው ግን የተመዘገበው ዋጋ ከእውነተኛው ዋጋ ግማሽ በመሆኑ የጉዳቱን ግማሽ፣ ማለትም 150,000 ብር ያሰላል። በውሉ ላይ መድን ገቢው በራሱ የሚችለው የመጀመሪያ 20,000 ብር ካለ ደግሞ እጁ የሚገባው 130,000 ብር ይሆናል። የጀልባውን አካልና ሞተሩን ለየብቻ ማስገመት፣ ግምቱንም በእድሳት ጊዜ ሁሉ መከለስ ጥቂት ቀናት የሚወስድ ሥራ ቢሆንም እንዲህ ካለው ድንገተኛ ጉድለት ያድናል።

የውሉ ልዩ ልዩ ገደቦችም በጥሞና ሊነበቡ ይገባል። ለግል መዝናኛ ተብሎ መድን የተገባለት ጀልባ በክፍያ ሰው ሲያጓጉዝ አደጋ ቢደርስበት ኩባንያው ካሳ ላለመክፈል በቂ ምክንያት ያገኛል። በጥምቀት ሰሞን ወዳጅ ዘመድ በዝቶ ስምንት ሰው ለመያዝ በተመዘገበ ጀልባ ላይ አሥራ አንድ ሰው ቢሳፈርም ውጤቱ ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል። ውሉ ጀልባው የሚንቀሳቀስበትን ሐይቅ በስም ከጠቀሰ፣ ከሐዋሳ ወደ ዝዋይ በመኪና ተጭኖ ሲሄድ በመንገድ ላይም ሆነ በአዲሱ ሐይቅ ላይ ሽፋን ላይኖረው ይችላል። ሞተሩ በቀላሉ ተፈትቶ የሚወሰድ በመሆኑ፣ ሌሊት የት እንደሚቀመጥና በምን እንደሚቆለፍ የሚገልጸው ሁኔታ በተለይ መታየት አለበት።

ለጣና ጀልባዎች እንቦጭም የራሱ ጉዳይ አለው። አረሙ በፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩን በአንድ ጊዜ ቢያቃጥለው ድንገተኛ አደጋ ነው ተብሎ ሊከራከሩበት ይቻላል። ሞተሩ በአረም መካከል ወራት ሲሠራ ቆይቶ ቀስ በቀስ ቢያልቅ ግን ጉዳቱ እንደ እርጅና ስለሚቆጠር መድን አይከፍልም። ጉማሬ ጀልባ ቢገለብጥስ? የሰጠመ ጀልባ ከውኃ የማውጫው ወጪስ? መልሱ ከኩባንያው በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ቢሰጥ ይመረጣል።

የጀልባ መድን እንደ መኪና መድን በየቅርንጫፉ የተዘጋጀ ቅጽ ላይኖረው ስለሚችል፣ በ1968 ዓ.ም. ከተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም ሆነ ከግል ኩባንያዎች ዋጋ ሲጠየቅ ለሁሉም አንድ ዓይነት መግለጫ ማቅረብ ማነጻጸሩን ያቀልላል። መግለጫው የጀልባውን ርዝመት፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የሞተሩን ጉልበት፣ የነጂውን ልምድ፣ የተሳፋሪውን ቁጥርና ያሉትን የሕይወት አድን ጃኬቶች ያካትታል። ከዚህ ቀደም የደረሰ አደጋ ካለም መጠቀስ አለበት። ዛሬ አረቦን እንዲቀንስ ተብሎ የተደበቀ ነገር ነገ ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል።

ለመሥሪያ ቤቶች አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ በሰኔ መጨረሻ የሚያበቃ ውል የአዲሱ ዓመት ገንዘብ ለክፍያ እስኪዘጋጅ ድረስ ሳይታደስ ሊቆይ ይችላል። ይህ ጊዜ ደግሞ ዝናብና ነፋስ የሚበረታበት ክረምት ነው። የውሉ ዘመን በኅዳር ወይም በታኅሣሥ እንዲጀምር ከኩባንያው ጋር መስማማት፣ ካልሆነም የእድሳቱን አረቦን ከሰኔ በፊት መክፈል ጀልባው ያለ ሽፋን በውኃ ላይ እንዳይውል ያደርጋል።