መድኃኒት የልብን ዕረፍት ሲጠብቅ

በክረምት ወራት ካርቱም ደርሶ የተመለሰ መንገደኛ፥ ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት ሥፍራ የደፈረሰውና ነጣ ያለው ውሃ ቶሎ ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ሲጓዙ ማየቱን ይነግረናል። ይህን የመሰለ ነገር በሰው ደም ሥር ውስጥም እንደሚሆን ብናውቅ ግን ብዙዎቻችን እንደነቃለን።

በክንድ የተወጋ መድኃኒት አስቀድሞ ወደ ልብ ይገባል፤ በልብና በሳንባ ሲያልፍም ከደሙ ጋር በሚገባ ይዋሐዳል። በአንጎል ውስጥ ነቀርሳ የበቀለበትን በሽተኛ የሚያክሙ ሐኪሞች ግን፥ መድኃኒቱ በሰውነት ሁሉ ሳይባክን ወደ ሥፍራው ይድረስ ብለው፥ ከልብ ወደ አንጎል በሚወጣው የአንገት ደም ቅዳ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አግብተው በቀስታ ያንጠባጥቡት ጀመር። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ካርሙስቲን የተባለው ብርቱ መድኃኒት በዚህ መንገድ ከተሰጣቸው በሽተኞች አንዳንዶቹ በዚያው ወገን ያለው ዓይናቸው ጠፋ፤ ለዓይን ደም የሚያደርሰው ቅርንጫፍ የሚወጣው ከዚሁ ደም ቅዳ ነውና።

ጥፋቱ የመድኃኒቱ ብርታት ብቻ አልነበረም። የማንቸስተሩ መሐንዲስ ኦስቦርን ሬይኖልድስ፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1883 ዓ.ም. ባሳተመው ምርመራ፥ በመስተዋት ቧንቧ ውስጥ በሚሄድ ውሃ ላይ ቀለም ለቅቆ ነበር። ውሃው ዝግ ሲል ቀለሙ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይዘልቃል፤ ሲፈጥን ግን ተበታትኖ ውሃውን ሁሉ ያቀልመዋል። የቧንቧ ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ ለሐኪም ይጠቅማል ብሎ ማን ባሰበ! በቀስታ የሚንጠባጠበው መድኃኒትም እንዲሁ በደም ቅዳው አንድ ጥግ እንደ ክር ይሄዳል። አንዱ ቅርንጫፍ ከልኩ በላይ ይጠጣል፤ ሌላው፥ ምናልባትም ነቀርሳው ያለበት፥ ምንም ሳይደርሰው ይቀራል።

በ1980ዎቹ ዓመታት፥ በአሜሪካ አገር ቤተስዳ በሚገኘው የመንግሥት የጤና ምርምር ተቋም የሚሠሩ ሊቃውንት፥ ከእነርሱም አንዱ መሐንዲሱ ሮበርት ዴድሪክ፥ ይህን ችግር መረመሩ። የተገኘው መላ የልብን ጠባይ መከተል ነው። ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ሲመታ ለአንዱ ምት ከሴኮንድ ጥቂት ያነሰ ጊዜ ይደርሰዋል። ሲሶ ያህሉ ደም የሚገፋበት ነው፤ በቀረው ዐርፎ ይሞላል። በዚህ የዕረፍት ጊዜ በደም ቅዳው ያለው ደም ጉዞውን ያለዝባል። እንግዲህ መድኃኒቱ መንጠባጠቡ ቀርቶ፥ ልብ ባረፈ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እየሆነ በኀይል ቢረጭ፥ የደም ቅዳውን ስፋት ሞልቶ ከደሙ ጋር ይቀላቀላል፤ ለየቅርንጫፉም ድርሻው ይደርሰዋል። የአንገት ደም ቅዳን በሚመስል ቱቦ ሲሞከርም መቀላቀሉ እጅግ ተሻሽሎ ታየ።

በእርግጥ ይህ ዘዴ ድርሻን ያስተካክላል እንጂ ነቀርሳን ይፈውሳል አልተባለም። ከሴኮንድ ያነሰችውንም ጊዜ የሰው እጅ ጠብቆ ሊደርስባት አይችልም። ስለዚህ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው መሣሪያ ለመርጫው ፓምፕ ትእዛዝ ይሰጠዋል፤ የበሽተኛው ልብ ሲፈጥን ፓምፑ ይፈጥናል፥ ሲዘገይም ይዘገያል።