ለሕክምና አኅጽሮተ ቃላት አንድ ወጥ ፍቺ የማስፈለጉ ጉዳይ

ነቀምቴ፦ ከደምቢ ዶሎ፣ ከጊምቢ ወይም ከሻምቡ ለተሻለ ሕክምና ወደ ነቀምቴ የሚላክ ሕመምተኛ የሪፈር ወረቀት ይዞ ይመጣል። የጻፈው ባለሙያና ተቀብሎ የሚያነበው ባለሙያ ብዙውን ጊዜ አይተዋወቁም። በመሆኑም ምን በሽታ እንደተገኘና ምን መድኃኒት እንደተሰጠ የሚናገረው ይኸው ወረቀት ሲሆን፣ በላዩ ከሚሰፍረው አብዛኛው ከሁለትና ከሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት የተሠራ አኅጽሮተ ቃል ነው።

አኅጽሮተ ቃል ጊዜ ይቆጥባል፤ በርካታ ተመላላሽ ሕመምተኞችን በአንድ ቀን የሚያይ ባለሙያ ሁሉን ዘርዝሮ ይጻፍ ማለትም አይቻልም። ችግሩ የሚከሰተው አንዱ አኅጽሮት ሁለት ፍቺ ሲይዝ ነው። ወባ በሚበዛበት የወለጋ ቆላማ አካባቢ «ፒ ቪ» ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ነው። በማዋለጃ ክፍል ግን ያው አኅጽሮት የማህፀን በር ምርመራን ያመለክታል። «ኤም ኤስ» በአንድ ክፍል የልብ በር መጥበብ ሲሆን በሌላው የነርቭ በሽታ ነው። «ኦ ዲ» ደግሞ ለአንዱ «በቀን አንድ ጊዜ»፣ ለሌላው «ቀኝ ዓይን» ማለት ነው፤ የዓይን ጠብታ በታዘዘበት ወረቀት ላይ ሲገኝ ሁለቱም ፍቺዎች ያስኬዳሉ።

ከሁሉ የከፋው በመድኃኒት መጠን ላይ የሚፈጠረው ስህተት ነው። ኢንሱሊን ሲታዘዝ ዩኒት ለማለት የሚጻፈው «ዩ» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ፊደል አፉ ከገጠመ ዜሮ ይመስላልና 4 ዩኒት 40 ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ማግኒዥየም ሰልፌት በእርግዝና የደም ግፊት ሳቢያ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ለመከላከል የሚሰጥ ሲሆን፣ ሞርፊን ሰልፌት ትንፋሽን ሊያዳክም የሚችል ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ነው። የሁለቱ አጭር አጻጻፍ ግን እጅግ ይቀራረባል። በአሜሪካ የጤና ተቋማትን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 መጻፍ የሌለባቸው ብሎ በዘረዘራቸው አኅጽሮተ ቃላት ውስጥ እነዚህ ሁሉ ይገኛሉ።

በውጭ አገር በተዘጋጀ ዝርዝር ውስጥ የማይገኝ የአገራችን ችግርም አለ፤ ይኸውም የቀንና የሰዓት አጻጻፍ ነው። «05/03/2016» የሚል የቀጠሮ ካርድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኅዳር 5 ሲሆን፣ በአውሮፓውያኑ ማርች 5 ነው፤ በመካከሉ ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነት አለ። «8፡00» ለባለሙያው የጠዋቱ 2 ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ለሕመምተኛው ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። በ2017 ዓ.ም ማብቂያው 2018 የሚል መድኃኒት ያገኘ ሰው ገና ጊዜ እንዳለው ያስብ ይሆናል። ይሁንና በማሸጊያ ላይ የሚታተመው ዓመት የአውሮፓውያኑ በመሆኑ የመድኃኒቱ ጊዜ ካለፈ ከአምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ከቀኑ ጎን «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጻፍ የሚጠይቀው ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ብቻ ነው።

የቃል ጉዳይ የሚጀምረውም ሕመምተኛው ከሚናገረው ነው። በወለጋ ገጠር አብዛኛው ሰው ሕመሙን በአፋን ኦሮሞ ይገልጻል። ባለሙያው የተማረው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ከሆነ በአማርኛ ወይም በአስተርጓሚ ይጠይቃል። «ቡሳ» ወባ ለመሆኑ አያከራክርም። «ላጴ» ግን ደረትም፣ በአነጋገር ልብም ስለሚሆን ሕመምተኛው በጣቱ እንዲያሳይ ካልተጠየቀ የጨጓራ ቃጠሎ የልብ ሕመም ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። የአማርኛው «ተስቦም» እንዲሁ ነው፤ በቅማል ለሚተላለፈውም ሆነ በተበከለ ውኃና ምግብ ለሚመጣው በሽታ ይውላል።

ለቋንቋ ልዩነት ዓለም ያበጀው መላ ኮድ ነው። መነሻው ፈረንሳዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ዣክ ቤርቲዮን እ.ኤ.አ. በ1893 ያቀረበው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያዘጋጀው 11ኛው እትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በ10ኛው እትም ፋልሲፓረም የተባለው ወባ «ቢ 50»፣ ቫይቫክስ ደግሞ «ቢ 51» ነው። ልዩነቱ የመዝገብ ብቻ አይደለም፤ ቫይቫክስ በጉበት ተደብቆ ስለሚያገረሽ ፕሪማኩይን የተባለ ተጨማሪ መድኃኒት ይፈልጋል። «ወባ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ይህን አይናገርም። «ተስቦ» ብቻ ተብሎ የተመዘገበ ሕመምተኛም በየትኛው ኮድ እንደሚገባ መዝጋቢው ከቃሉ ሊለይ አይችልም፤ ወደ ጻፈው ጤና ጣቢያ ደውሎ መጠየቅ ይኖርበታል።