‹‹ገብታለች›› ያለችው ጓደኛዬ

ዛሬ የሌላ ሰው ሳይሆን የራሴን ጉድ ላውራችሁ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ፍቅረኛሞች ሲኮራረፉ በዚህ ገጽ ብዙ ተብሏል። እኔን ግን ከሁለት ዓመት በላይ ያኮራረፈችኝ አንዲት ቢጫ የቴኒስ ኳስ ናት። ሳቃችሁ? ሳቁ፣ ግድ የለም።

እኔና ጓደኛዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቀይ አፈር በለበሰ ሜዳ ላይ በጥንድ ሜዳ ቴኒስ እንጫወት ነበር። እሷ ከኋላ፣ እኔ መረቡ ሥር። አንድ ቀን በትንሽዬ የሴቶች ጥንድ ውድድር ለፍጻሜ ልናልፍ ጥቂት ነጥብ ሲቀረን፣ የተጋጣሚዎቻችን ኳስ የኋላ መስመራችን ጠርዝ ላይ አረፈች። ዳኛ የለም። እንዲህ ባለው ጨዋታ ሁሉም በየራሱ ወገን ያረፈችውን ኳስ ራሱ ነው የሚፈርደው። እኔ እጄን አንስቼ ‹‹ወጥታለች!›› አልኩ። ጓደኛዬ ጎንበስ ብላ አፈሩ ላይ የቀረውን ምልክት አየችና ‹‹ኧረ ገብታለች›› አለች። ያውም ጮክ ብላ! ነጥቡ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ጨዋታውም ሄደ።

የዚያን ቀን ሜዳውን እንኳ ሳልጠርግ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። (ሸክላ ሜዳ ላይ የተጫወተ ሰው ጠርጎ ነው የሚወጣው፤ ነውር ነው የሠራሁት።) በሳምንቱ ሌላ አጣማሪ ፈለግኩ። ‹‹ምነው ተለያያችሁ?›› ሲሉኝ ‹‹ቀርፋፋ ናት፣ አትሮጥልኝም›› እል ነበር። ውሸቴን ነው።

ይህ ነገር ይከነክነኝ የጀመረው በ2025 የሮላንድ ጋሮስን የሴቶች ጥንድ ፍጻሜ በቴሌቪዥን ሳይ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ።) ሮላንድ ጋሮስ ማለት በ1928 የተሠራው የፓሪሱ ስታዲየም ነው፤ ከአራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች በሸክላ ሜዳ የሚካሄደው የዚያ ብቻ ነው። ያ በቴሌቪዥን የምታዩት ቀይ ነገር አፈር እንዳይመስላችሁ። የተፈጨ ሸክላ ነው፣ ያው ቤት የሚሠራበት ጡብ። ውፍረቱም ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ከሥሩ የነጭ ኖራ ድንጋይ ድቃቂ አለ። ይህች ስስ ዱቄት ናት እንግዲህ ኳሷን የምታዘገየው፣ ወደ ላይ የምታነጥረው። ሣር ላይ በሁለት ምት ያለቀው ነጥብ እዚህ ይጎተታል፤ ጥንዶቹም አንዷ ስትሳሳት ሌላዋ እየሸፈነች፣ ‹‹ያንቺ!›› ‹‹የኔ!›› እየተባባሉ ይቆያሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሸክላ ምልክት ይይዛል። ኳስ ያረፈችበት ቦታ ይታያል። ስለዚህ ዳኛው ከወንበሩ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ ይፈርዳል።

በዚህ ምልክት የተነሣ ጉድ የፈላበትን ዓመት ላስታውሳችሁ። በ1998 ማርቲና ሂንጊስና ያና ኖቮትና ፓሪስ ላይ የሴቶች ጥንድ ዋንጫ አብረው ወሰዱ። በዚያው ዓመት ዊምብልደንንና የአሜሪካን ኦፕንም ደገሙ። ከዚህ በኋላ ምን ይፈለጋል ትሉ ይሆናል። ሂንጊስ ግን አጣማሪዋን ቀየረች! በጊዜው በሰፊው የተወራው ምክንያት ኖቮትና አርጅታለች፣ ፍጥነቷ ቀንሷል የሚል ነበር። ኖቮትና ያኔ ሠላሳ ዓመቷ ነው እንግዲህ። ወሬውን መጀመሪያ ሳነብ አልፌው ነበር፤ ‹‹ቀርፋፋ ናት›› የሚለው የራሴ ቃል ትዝ ሲለኝ ግን ፊቴ ቀላ።

በ1999 ሂንጊስ ከአና ኩርኒኮቫ ጋር ፓሪስ ለፍጻሜ ደረሰች። የጠበቋቸው ሴሬናና ቬነስ ዊሊያምስ ናቸው፤ የ17 እና የ18 ዓመት እህትማማቾች። ሦስተኛው ሴት 8 ለ 6 አለቀና እህትማማቾቹ አሸነፉ። ለእነሱ ከአሥራ አራቱ የጥንድ ግራንድ ስላም ዋንጫዎቻቸው የመጀመሪያው ነበር፤ በእነዚህ ውድድሮች ፍጻሜ ደርሰው አንድም ጊዜ ተሸንፈው አያውቁም። በዚያው ውድድር በነጠላው ፍጻሜ ደግሞ ሂንጊስ ስቴፊ ግራፍን እየመራች ሳለ፣ ‹‹ወጥታለች›› የተባለችባት ኳስ አልዋጥልሽ አላት። መረቡን ዞራ በተቃራኒዋ ሜዳ ገባችና ምልክቱን በጣቷ አሳየች። ይህ ክልክል ነው፤ ነጥብ ተቀጣች። ሕዝቡ ጮኸባት፣ ጨዋታው ከእጇ ወጣ፣ እያለቀሰች ወጣች። አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን ያን ቀን መረብ ባልሻገርም ጓደኝነት ተሻግሬ ሄጃለሁ።

‹‹አርጅታለች›› የተባለችው ኖቮትናስ? ከጊዜ በኋላ ባርቦራ ክሬይቺኮቫ የምትባል የአገሯ ልጅ ምክር ፍለጋ ቤቷ ድረስ መጣች፤ ተቀበለቻት፣ አሠለጠነቻት። ኖቮትና በኅዳር 2017 በካንሰር አረፈች፣ ገና በ49 ዓመቷ። በተከታዩ ሰኔ ክሬይቺኮቫ ከካተሪና ሲንያኮቫ ጋር የፓሪስን የሴቶች ጥንድ ዋንጫ አነሣች፤ ያው ኖቮትና ከሃያ ዓመት በፊት ያነሣችውን።

መለያየት ሁሉ መጥፎ ነው አልላችሁም። ጂጂ ፈርናንዴዝና ናታሻ ዝቬሬቫ ከ1992 እስከ 1995 ፓሪስን በተከታታይ አሸንፈው፣ በ1997 መጀመሪያ ላይ ተለያይተው ነበር። ዝቬሬቫ አውስትራሊያ ላይ ከሌላ ሰው ጋር ዋንጫ ወሰደች፤ ማን ነበረች ብትሉ ያችው ሂንጊስ! ግን በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ ዝቬሬቫና ፈርናንዴዝ ታርቀው አብረው ቆሙና አሸነፉ። እኔን እንቅልፍ የነሣችኝ ይህች ‹‹ታርቀው›› የምትለዋ ቃል ናት።

የ2025 ፍጻሜ ያልኳችሁ የጣሊያኖቹ የሳራ ኤራኒና የጃስሚን ፓኦሊኒ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እዚያው ሜዳ ላይ በፍጻሜ ተሸንፈው ነበር። ኤራኒ ያኔ 38 ዓመቷ ነበር። እንደ እኔ ዓይነቷ ብትሆን ፓኦሊኒ ያኔውኑ ሌላ ወጣት ትፈልግ ነበር። አልፈለገችም፤ ተመልሰው በሦስት ሴት አሸነፉ።

እናንተዬ፣ ሽርክናም ሆነ ትዳር ከማፍረሳችሁ በፊት ለሰው የምትናገሩት ምክንያትና ሌሊት ብቻችሁን የምታስቡት ምክንያት አንድ መሆኑን እስቲ አስተያዩ። እኔ ሳስተያየው አንድ አልሆነልኝም። ጓደኛዬ ስለቀረፈፈች ሳይሆን፣ ሰው ፊት እውነቱን ስለተናገረችብኝ ነው የተውኳት።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ስልኳን ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ጠርቶ አነሣች። ሰላምታ እንኳ ሳንለዋወጥ ‹‹ገብታ ነበር አይደል?›› አለችኝ።

‹‹ገብታ ነበር›› አልኳት።

‹‹መጥረጊያውን አንቺ ትይዣለሽ›› አለችና ስልኩን ዘጋችው።