አኩሪ አተርና የማረጥ ዘመን

የሴት ልጅ ዕድሜ ወደ ሃምሳ ሲጠጋ ልማደ አንስት እየራቀ ሄዶ ፈጽሞ የሚቋረጥበት ወራት ይመጣል፤ በዚህም ወራት ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚያንስ፣ በአንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት በልክ የሚጠብቀው ክፍል ጥቂቱን ሙቀት እንደ ብዙ ይቆጥረውና፣ ሴቲቱ ብርድ በሆነ ሌሊት ሳይቀር ከደረቷ እስከ ፊቷ ትግላለች፣ ላብ ያጠምቃታል፣ እንቅልፍም ይነሣታል። ይህ ደዌ ሳይሆን የተፈጥሮ ሥርዓት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተፈጥሮ ሥርዓት ነውና ዝም ብላችሁ ቻሉት ማለት ለእናቶቻችንና ለእኅቶቻችን የሚገባ መልስ አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ስሙ ዘወትር የሚነሣው እህል አኩሪ አተር ነው። በፍሬው ውስጥ አይሶፍላቮን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ዋነኞቹ ጄኒስቴይንና ዳይድዜይን ናቸው። ቅርጻቸው ኤስትሮጅንን ስለሚመስል፣ ሆርሞኑ በሚያርፍበት የሕዋስ ተቀባይ ላይ እነርሱም ያርፋሉ፤ ኃይላቸው ግን እጅግ የደከመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በስዊድን ሊቃውንት የኤስትሮጅን ሁለተኛ ተቀባይ መኖሩን ከገለጡ በኋላ ደግሞ፣ አይሶፍላቮን ከፊተኛው ይልቅ ወደዚህ ወደ ሁለተኛው እንደሚያዘነብል ታወቀ።

የዚህ ዕውቀት ታሪክ ከሴቶች ሳይሆን ከእንስሳት መጀመሩ የሚያስደንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ሁለት የእንግሊዝ ሊቃውንት ከርጉዝ ባዝራ ሽንት ኢኩኦል የተባለ ነገር አጥርተው አወጡ፤ ለምን እንደሚጠቅምና እንደሚጎዳ ግን ያን ጊዜ አልታወቀም። ከዚያም በ1940ዎቹ በምዕራብ አውስትራሊያ፣ የማገጥ ወገን በሆነ ተክል መስክ የተሰማሩ በጎች እየመከኑ አርቢዎችን ባስጨነቁ ጊዜ፣ ጥፋቱ ከሚግጡት ተክል መሆኑ ተደረሰበት፤ ተክሉ በበጓ ሆድ ውስጥ ሲብላላ የሚወጣውም ያው ኢኩኦል ሆኖ ተገኘ።

በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያንም ዳይድዜይንን ወደ ኢኩኦል ይለውጡታል፤ ነገር ግን እነዚህ ተሕዋስያን ለሁሉ አልተሰጡም። በጃፓን ከሰዎች እኩሌታው ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጠው ሲኖሩት፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ከሦስት አንዱ ያህል ብቻ አሉት። እ.ኤ.አ. በ1992 የፊንላንዱ ሊቅ ኸርማን አድለርክሮይትስ ከባልንጀሮቹ ጋር የጃፓናውያንን ሽንት መርምሮ አይሶፍላቮን በብዛት ባገኘ ጊዜ፣ የጃፓን ሴቶች በማረጥ ዘመን ስለ ትኩሳት እምብዛም የማያማርሩበት ምክንያት በከፊል ከአኩሪ አተር የሚሠሩት ቶፉና ሚሶ የተባሉት ምግቦች ይሆኑ ይሆናል ብሎ ጻፈ። ከአንድ ማዕድ የበሉ ሁለት ሴቶች አንዷ ዕረፍት አግኝታ ሁለተኛይቱ ምንም ሳይለወጥላት መቅረቷም፣ በእኔ ግምት፣ ከዚሁ ከአንጀት እንግዶች ልዩነት ጋር ሳይያያዝ አይቀርም።

የጥቅሙን ልክ በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የብዙ ጥናቶች ውጤት በአንድነት ሲመዘን፣ በቀን ሃምሳ ሚሊግራም ያህል አይሶፍላቮን የወሰዱ ሴቶች፣ መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ የትኩሳቱ ብዛት በ21 ከመቶ ገደማ፣ ጽናቱም በ26 ከመቶ ገደማ ቀንሶላቸው ተገኘ። ይህ መጠነኛ እፎይታ ነው፤ ለመታየቱም ሳምንታት ይፈጃል፤ በሁለት ዓመት የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በቀን 200 ሚሊግራም የወሰዱ ሴቶች አጥንታቸው ከመሳሳት አልዳነም። ፈውስ ነው እያሉ ውድ ክኒን የሚሸጡትን ስለዚህ አጥብቄ እቃወማለሁ።

የፈለገች ሴት ከምግቡ ትጀምር፦ ቶፉና የአኩሪ አተር ወተት አይሶፍላቮን አላቸው፤ ዘይቱ ግን የለውም ለማለት ይቻላል። የእንቅርት መድኃኒት የምትወስድ ወይም የጡት ካንሰር ያገኛት ሴት ክኒኑን ከመጀመሯ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ ልማዷ ዓመት ሙሉ ከተቋረጠ በኋላ ደም የታያት ደግሞ ማናቸውንም ዕፅ ሳትሞክር ፈጥና ትመርመር።