«የተሻሩ ሕጎች» የሚለው አንቀጽ

በ2013 ክረምት ነፃ የሕግ ምክር ወደምንሰጥበት ክፍል አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። አንድ ፋብሪካ ውስጥ 11 ዓመት ሠርታለች። «አዲሱ ሕግ የዓመት ፈቃድ ጨመረ ሲባል ሰምቼ ነበር። እኔ 24 ቀን ስጠብቅ 21 ብቻ ነው ያለሽ አሉኝ» አለች።

አብሮኝ የተቀመጠው የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ቀልጠፍ ብሎ መለሰላት፤ «የለም እህቴ፣ ፈቃዱ ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን ነው ያደገው። የተሳሳቱት እነሱ ናቸው።»

ተማሪው የተናገረው ውሸት አልነበረም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመጀመሪያውን ዓመት ፈቃድ ወደ 16 የሥራ ቀን ከፍ አድርጎታል። ያላየው ከዚያው ቀጥሎ ያለውን ሐረግ ነው። የተሻረው አዋጅ ቁጥር 377/96 ለእያንዳንዱ ተጨማሪ የአገልግሎት ዓመት አንድ ቀን ይጨምር ነበር። አዲሱ አንድ ቀን የሚጨምረው በየሁለት ዓመቱ ነው። ወረቀት አውጥተን አብረን ቆጠርን። አምስተኛው ዓመት ላይ ሁለቱም ሕጎች 18 ቀን ይሰጣሉ። ከዚያ በኋላ የቀድሞው እየበለጠ ይሄዳል፤ በ11 ዓመት 24 ለ21 ይሆናል። አዲሱ ሕግ ለጀማሪው ጨምሮ ከነባሩ ቀንሷል። ሴትዮዋ ስሌቱን ከኛ ቀድማ በኑሮዋ ደርሳበታለች።

የኅብረት ስምምነት ካላችሁ ይዘሽ ነይ ብለን ለሳምንት ቀጠርናት።

ያን ሳምንት ስለ ተማሪዎቻችን ብዙ አሰብኩ። ባለፉት ዓመታት የወጡት አዋጆች ብዛት ለኛ ለቆየነውም ከባድ ነው፤ የፍርድ ቤቱ፣ የግልግል ዳኝነቱ፣ የጥብቅናው፣ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓቱ፣ በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃው። ተማሪ አዲስ አዋጅ ሲያገኝ ትርጓሜውን ያነባል፣ ለፈተና የሚመጣ የመሰለውን ያሰምርበታል፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ይደክመዋል። እኔ ደግሞ ጉዳይ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምከፍተው ያንን ገጽ ነው። የተሻሩ ሕጎች፣ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ፣ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ። ደንበኛዬ በየትኛው ሕግ እንደሚዳኝ የሚነግረኝ እሱ ነው።

የንግድ ሕጉን እንውሰድ። አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ሲወጣ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ሞተ ተብሎ ተወራ። ብዙ አዲስ ነገር መጥቷል፤ ከዚህ በፊት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት ለስም ያህል ይፈርሙ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ነገር ግን አዲሱ ሕግ የተካው አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና አምስተኛውን መጽሐፍ ነው። ማጓጓዣና መድን ያሉበት ሦስተኛው፣ ቼክና ባንክ ያሉበት አራተኛው መጽሐፍ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው። ስንቅ የሌለው ቼክ ይዞ የመጣን ነጋዴ ክስ ለማዘጋጀት አዲሱን ሕግ ከዳር እስከ ዳር ስታገላብጥ የዋለች ጎበዝ ተማሪ አውቃለሁ። መልሱ በ1952ቱ መጽሐፍ ውስጥ ነበር። ተማሪዎች፣ አሮጌውን መጽሐፍ እባካችሁ አትጣሉት።

በወንጀል ጉዳይ ጥያቄው ከገንዘብም ያልፋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይቀጣ ይከለክላል፤ ከድርጊቱ በኋላ የወጣው ሕግ ለተከሳሹ የሚጠቅም ከሆነ ግን ተፈጻሚ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱንም ሕጎች ጎን ለጎን ያላነበበ ጠበቃ የሰውን ዕድሜ በእስር ያስረዝማል።

የሕግ ለውጥ የራሳችሁንም ኑሮ ይነካል፤ በቤት ኪራይ የምትኖሩ ብዙ ናችሁ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ውላችሁን አውጥታችሁ ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ሰበር ሰሚ ችሎቱን ደግሞ እንደ አዋጅ አንብቡት። ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 454 ጀምሮ የችሎቱ የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ይህንኑ አጽንቷል። ነገር ግን ትርጉምም ይለወጣል። ስለ ቤት ሽያጭ ውል አጻጻፍ በመዝገብ ቁጥር 21448 የተሰጠውን ውሳኔ በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ ብዙ ነው፤ ከሱ በኋላ ችሎቱ በዚያው በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 ላይ ምን እንዳለ ግን ሲጠየቅ ዝም ይላል። የሰበር ውሳኔዎቹን ቅጾች ከቅርቡ ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ሂዱ።

ሴትዮዋ በቀጠሮዋ መጣች፤ ጥግ ጥጉ የተጣጠፈ የኅብረት ስምምነት ይዛ። ተማሪው ተቀብሏት አንድ በአንድ አነበበ። የፈቃድ አንቀጹ ላይ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይጨመራል ይላል፤ የጸና መሆኑንም የመጨረሻው ገጽ ላይ አረጋገጠ። የኅብረት ስምምነት ከሕጉ የተሻለ ለሠራተኛው ከሰጠ የሚጸናው ስምምነቱ ነው። 24 ቀኗ ተገኘ። ተማሪው በደስታ ደብዳቤውን መጻፍ ሲጀምር ጠየቀችው፤

«እህቴ ከኛ አጥር ማዶ ያለው ፋብሪካ ነው የምትሠራው። እነሱ ማኅበር የላቸውም። እሷስ?»

ተማሪው እኔን አየኝ። ከዚያ አዋጁን ሳበና መጨረሻው ገጽ ላይ ከፈተው።